«ነፍጥ» ስለሚባለው ቃል አመጣጥና ትርጓሜ

፩. መግቢያ

በአማርኛ ቋንቋ ተኳሽ መሣሪያን ለማመልከት የሚነገሩት ቃላት ብዙዎች ናቸው። ጠመንጃ፥ መድፍ፥ ሽጉጥ፥ መትረየስ፥ ብረት ይባላል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ዕድሜው የረዘመና ትርጓሜው ደጋግሞ የተለዋወጠ «ነፍጥ» የሚለው ቃል ነው። «እገሌ ነፍጥ አነሣ» ሲባል በጦር መሣሪያ ለመዋጋት ተነሣ ማለት መሆኑን አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ከዚሁ ቃል የወጣው «ነፍጠኛ» ግን በሁሉ ጆሮ እኩል አይሰማም። ለአንዱ አያቱ በክብር ይጠራበት የነበረ የወታደርነት ስም ነው፤ ለሌላው አያቱን በገባርነት ይዞ ያሠራ የነበረው ሰው ስም ነው፤ ለሦስተኛውም እርሱ ራሱ ባልሠራው ሥራ የሚነቀፍበት ስድብ ነው።

እንዲህ ያለውን ቃል መዝገበ ቃላት ገልጦ «ጠመንጃ ማለት ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ነፍጥ ከጥንት ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ሲወርድ ሲዋረድ ሰባት ትርጓሜ ይዞ አልፏል፤ እነርሱም ከምድር የሚፈልቅ ዘይት፥ የሚወረወር እሳት፥ ባሩድ፥ ጠመንጃ፥ የጠመንጃው ባለቤት፥ በጠመንጃው ምክንያት መሬትና ገባር ያገኘ ሰው፥ በመጨረሻም የወገን ስም ናቸው። እያንዳንዱ ትርጓሜ ከፊተኛው አጠገብ የነበረውን ነገር ይዞ ተሻገረ እንጂ በዘፈቀደ አልመጣም። ስለዚህ የቃሉን መንገድ በየዘመኑ መከታተል ይቻላል።

የጥያቄው ጥቅም ለቋንቋ ምርምር ብቻ አይደለም። የታሪክ ተማሪ የቀድሞውን ጽሑፍ በኋለኛው ትርጓሜ ቢያነብበው ያልነበረውን ነገር እንደ ነበረ አድርጎ ይጽፋል፤ ይህም ስሕተት በተለይ በነፍጥ ላይ ሁለት ጊዜ ሊደርስ ይችላል፤ አንደኛው የእሳት መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የገባበትን ዘመን በመወሰን ላይ ሲሆን፥ ሁለተኛው ነፍጠኛ የተባለው ሰው ማን እንደ ነበረ በመወሰን ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፪. ዘይትና እሳት

የቃሉን ምንጭ በአማርኛ ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው «ንፍጥ» እና «ተናፈጠ» የሚሉትን ያገኛል። ጠመንጃም እስትንፋሱን ከአፉ በኀይል ያወጣልና ከዚህ የመጣ ነው ለማለት ይፈተን ይሆናል። ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ዝምድናን አያስረዳም። ነፍጥ ወደ አማርኛ ከመግባቱ አስቀድሞ በሌሎች ቋንቋዎች ከሁለት ሺሕ ዓመት የበለጠ ዕድሜ የነበረው ቃል ነው።

በመስጴጦምያ ምድር በብዙ ስፍራ ጥቁርና ተቀጣጣይ ዘይት ከመሬት ይፈልቃል። የአካድ ሰዎች ይህን ዘይት «ናፕጡ» ይሉት ነበር። ፋርሶችም ዐረቦችም «ነፍጥ» አሉት፤ ግሪኮችም ከምሥራቅ ወስደው «ናፍታ» አሉት። ከግሪክ ጸሐፊዎች ስትራቦንና ፕሉታርክ በባቢሎን አገር ስለሚገኘው ናፍታና ከሩቅ እሳት ስለ መሳቡ በመደነቅ ጽፈዋል። በግሪኩ መጽሐፈ ዳንኤል ውስጥ ሠለስቱ ደቂቅ የተጣሉበትን እቶን አገልጋዮቹ ያነድዱት ከነበሩት ነገሮች አንዱ ናፍታ ነው። በሁለተኛው የግሪክ መጽሐፈ መቃብያንም የነህምያ ሰዎች ስላገኙት ተቀጣጣይ ፈሳሽ ሲናገር ብዙ ሰዎች በዚሁ ስም እንደሚጠሩት ተጽፎ ይገኛል። እስከዚህ ድረስ ቃሉ የአንድ ነገር ስም ነው፤ መሣሪያ አይደለም።

ቃሉን ከነገር ስም ወደ መሣሪያ ስም ያሻገሩት ዐረቦች ናቸው። በ750 ሥልጣን የያዙት የዐባስ ልጆች በሠራዊታቸው ውስጥ «ነፋጡን» የሚባሉ ወታደሮችን አሰልፈው ነበር። እነዚህም እሳት የማይበላው ልብስ ለብሰው፥ ነፍጥ የተሞላ የሸክላ ዕቃ ወደ ጠላት ምሽግ የሚወረውሩ ነበሩ። በቤዛንጥያ በኩልም ከ7ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ አውሮፓውያን «የግሪክ እሳት» ብለው የሚጠሩት ተመሳሳይ መሣሪያ በባሕር ጦርነት ላይ ይሠራበት ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን በተጻፈ የዐረብኛ መጽሐፍ ውስጥ ነፍጥ የሚል ቃል ሲገኝ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዘይቱ ነው፥ ወይም ከዘይቱ ጋር ልዩ ልዩ ነገር ተቀላቅሎ የተዘጋጀው የጦር እሳት ነው።

በ13ኛው ምዕት ዓመት አዲስ ነገር መጣ። በ1248 የሞተው የመድኃኒት ዐዋቂ ኢብን አልበይጣር «ባሩድ» ስለሚባለው ጨው ሲጽፍ የግብፅ ሰዎች «የቻይና በረዶ» እንደሚሉት ገልጧል። ይህ ጨው ከድኝና ከከሰል ጋር ሲደባለቅ የሚነድድ ብቻ ሳይሆን የሚፈነዳ ዱቄት ሆነ። የእሳቱ ቅመም ተለወጠ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። በመምሉኮች ዘመን (1250–1517) በግብፅ ነፍጥ የሚለው ቃል ለፈንጂው ዱቄትና ዱቄቱ ለሚተኰስበት መሣሪያ ሳይቀር መጠሪያ መሆኑን ዴቪድ አያሎን በ1956 ባሳተመው መጽሐፉ በሰፊው አስረድቷል። ከጊዜ በኋላም ለዱቄቱ «ባሩድ» የሚለው ስም እያሸነፈ ሄደ።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በግብፅ በአንድ ነገር ላይ ይሽቀዳደሙ የነበሩት ሁለቱ ቃላት በአማርኛ ሥራውን ተካፍለው ይኖራሉ። ባሩድ ዱቄቱን ያዘ፤ ነፍጥ መሣሪያውን ያዘ። የዘይቱ ትርጓሜ ግን ከነፍጥ ላይ ፈጽሞ ጠፋ።

፫. ነፍጥ ወደ ኢትዮጵያ የገባበት ዘመን

የመጀመሪያው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። በ1442 የሞተው ግብፃዊው የታሪክ ጸሐፊ አልመቅሪዚ በሐበሻ ምድር ስላሉት እስላማዊ መንግሥታት በጻፈው አነስተኛ መጽሐፉ ውስጥ፥ በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት (1414–1429) አልጡንቡጋ የተባለ የመምሉክ ሹም ከግብፅ ሸሽቶ ወደ ንጉሡ እንደ መጣ ይተርካል። ይህ ሰው ቀድሞ በላይኛው ግብፅ አገረ ገዥ የነበረ ሲሆን፥ ለንጉሡ ወታደሮች የቀስትን፥ የጦርንና የሰይፍን አያያዝ፥ ከዚህም ጋር የነፍጥን ነገር አስተማረ ይላል።

አሁን ይህን ቃል የሚያነብ ተማሪ ነፍጥን በአማርኛ ትርጓሜው ቢወስደው «ጠመንጃ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ነው» ብሎ ይጽፋል። በዚህም ከግራኝ አሕመድ ጦርነት አንድ መቶ ዓመት አስቀድሞ ያደርገዋል። ነገር ግን አልመቅሪዚ የጻፈው በዐረብኛ ነው፤ በዘመኑም የነበረው ዐረብኛ ነፍጥን ለሚወረወረው እሳትም ለባሩዱም ይጠራበት ነበር። ስለዚህ ከዘመናችን ሊቃውንት ብዙዎቹ በዚህ ስፍራ ያለውን ቃል «የግሪክ እሳት» ብለው ይተረጕሙታል። ይህም ትርጕም ከታሪኩ ጋር ይስማማል፤ ምክንያቱም የፖርቱጋል መልእክተኞች በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ ካቀረቡት ገጸ በረከት ውስጥ አነስተኛ መድፎችና ባሩድ ይገኙበት ነበር፤ የእሳት መሣሪያም በዚያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሠራዊት ዘንድ ገና የተለመደ አልነበረም። ቃሉ ብቻውን ለነገሩ መኖር ምስክር ሊሆን እንደማይችል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የመሣሪያው ኀይል በግልጽ የታየው በዚያው በ16ኛው ምዕት ዓመት ነው። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1529 በሽንብራ ኵሬ ዐፄ ልብነ ድንግልን ድል ካደረጉ በኋላ የአገሪቱ ሰፊ ክፍል በእጃቸው ገባ። በ1541 ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 የሚያህሉ ፖርቱጋሎችን ይዞ በምጽዋ ወደብ ወረደ። ኢማሙም ከዘቢድ የቱርክ ፓሻ በመቶ የሚቈጠሩ ጠመንጃ ያዦችና መድፎች ተላኩላቸው፤ በ1542 ዳ ጋማ ተይዞ ተገደለ፤ በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ኢማሙ ራሳቸው ወደቁ። ሁለቱም ወገኖች ከባሕር ማዶ የሚመጣውን መሣሪያ የድል ቍልፍ አድርገው ማየት የጀመሩት በዚህ ጦርነት ነው። በዚያው ምዕት ዓመት በግዕዝ በተጻፉት የነገሥታት ዜና መዋዕሎች ውስጥ ነፍጥ የሚወረወር እሳት መሆኑ ቀርቶ በአፈሙዝ የሚተኰስ መሣሪያ ሆኖ ይገኛል።

የፊደሉም አጻጻፍ የቃሉን መንገድ ይመሰክራል። ቃሉ ከግሪክኛ በቀጥታ መጥቶ ቢሆን ኖሮ በ«ተ» ወይም በሌላ ፊደል ሊጻፍ በተቻለ ነበር። በ«ጠ» መጻፉ ግን ከዐረብኛው ከባድ «ጣ» ድምፅ ጋር የተስማማ ነው። የነገሩም መንገድ ያው ነው፤ መሣሪያው በቀይ ባሕር በኩል መጣ፤ ስሙም ከመሣሪያው ጋር በዚያው በኩል መጣ።

፬. ጠመንጃና ሌሎቹ ስሞች

ነፍጥ ለረጅም ጊዜ ብቻውን አልኖረም። «መድፍ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «ሚድፋዕ» የመጣ ነው፤ እርሱም «ገፋ» ከሚል ግሥ የወጣ ስለሆነ ትርጕሙ መግፊያ ማለት ነው። «ጠመንጃ» ደግሞ ከቱርክኛው «ታባንጃ» በዐረብኛው «ጠበንጃ» በኩል ደረሰ። በቱርክኛ ታባንጃ የሚባለው በአንድ እጅ የሚተኰሰው አጭር መሣሪያ ነው። ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፥ በፋርስኛ የቀድሞ ትርጓሜው ጥፊ ነበር። በአማርኛ ግን ቃሉ ረጅሙን መሣሪያ ያዘ፤ ለአጭሩ መሣሪያ የአገሩ ቋንቋ ራሱ «ሸጎጠ» ከሚለው ግሥ «ሽጉጥ» የሚል ስም አወጣለት፤ በልብስ ውስጥ የሚሸጎጥ ማለት ነው።

ጠመንጃ የባዕድ ቃል መሆኑ ከተረሳ በኋላ ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ተረጐመው። «ጠብ» እና «መንጃ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተጋጠመ አድርጎ ጠብን የሚነዳ ማለት ነው አለ፤ «ጠብ መንጃ» ተብሎ የተጻፈበትም ብዙ ነው። ይህ ከቋንቋ ታሪክ አንጻር እውነት አይደለም። ለሕዝብ ኑሮ መርማሪ ግን ዋጋ አለው። ቃሉ ከየት እንደ መጣ ባያስረዳም፥ መሣሪያው ከገባ በኋላ በመንደር ኑሮ ላይ ያመጣውን ነገር ሕዝቡ እንዴት እንደ ተመለከተው ያስረዳልና። ትክክለኛው አመጣጥ የቃሉን ትውልድ ይነግራል፤ የሕዝቡ አፈታት የቃሉን ኑሮ ይነግራል። መርማሪው ሁለቱን መለየት አለበት እንጂ አንዱን ጥሎ አንዱን መያዝ አይገባውም።

አዲስ መሣሪያ የአሮጌ ነገር ስም መውረሱ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በዐረብኛ «ቡንዱቅ» መጀመሪያ የአንድ ፍሬ ስም ነበር፤ ከዚያ ፍሬውን ለምትመስለው ትንሽ ድብልብል ጥይት ተሰጠ፤ ከጥይቷም ወደ መሣሪያው ተሻግሮ «ቡንዱቂያ» ጠመንጃ ማለት ሆነ። እንግዲህ ነፍጥ ከዘይት ተነሥቶ ጠመንጃ መሆኑ ለሰሚው እንግዳ ቢመስልም በቃላት ኑሮ ውስጥ የተለመደ ነገር ነው።

ከ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ በኋላ መሣሪያው በብዛትና በዐይነት እየመጣ ሲሄድ ስሞቹም በዚያው መጠን በዙ። እንግሊዞች በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ይዘውት የነበረው ስናይደር በአማርኛ «ስናድር» ተባለ። የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» «ውጅግራ» ሆነ። ከፈረንሳይኛው «ሚትራየዝ» «መትረየስ» ተገኘ። በኋለኛው ዘመን የመጣው ካላሽኒኮቭም በአጭሩ «ክላሽ» ተብሏል። እነዚህን ስሞች በተራ የሚያነብ ሰው ኢትዮጵያ በየዘመኑ ከማን ጋር እንደ ተገበያየችና ከማን ጋር እንደ ተዋጋች ሊረዳ ይችላል፤ የዐረብና የቱርክ ስሞች በሥር ናቸው፥ የአውሮፓ ስሞች በላያቸው ናቸው።

በዚህ ሁሉ መካከል ነፍጥ ከዕለት ንግግር ወጥቶ ወደ ከፍተኛው ንግግር ተዛወረ። ሰው ጠመንጃውን ይወለውላል፥ ይሸጣል፥ ይለውጣል፤ ነፍጡን ግን ያነሣል፥ ያነግባል፥ ያስቀምጣል። ጠመንጃ ዕቃው ሲሆን ነፍጥ በዕቃው የሚሠራው ሥራ፥ ማለት ጦርነቱና ኀይሉ ሆነ።

አሮጌው ዘይትም ጠፍቶ አልቀረም። በ20ኛው ምዕት ዓመት መኪና ሲመጣ ለከባድ ሞተር የሚሆነው ነዳጅ «ናፍታ» ተብሎ ገባ፤ መልኩ የጣልያንኛው ነው። ስለዚህ አንዱ ቃል ወደ አማርኛ ሁለት ጊዜ ገብቷል። በመጀመሪያ በዐረብ መንገድ መሣሪያ ሆኖ፥ ኋላ በአውሮፓ መንገድ ዘይት ሆኖ መጣ። ነዳጅ ማደያ ቆሞ ናፍታ የሚቀዳ ሾፌር የነፍጥን ታላቅ ወንድም በእጁ ይዟል።

፭. ከመሣሪያው ወደ ሰውየው

«ነፍጠኛ» በአማርኛ ሰዋስው ሕግ የተሠራ ግልጽ ቃል ነው። ፈረስ ያለው ፈረሰኛ፥ በእግሩ የሚዘምት እግረኛ እንደሚባል ሁሉ ነፍጥ የያዘ ነፍጠኛ ተባለ። በዚህ ትርጓሜው የጦር ክፍል ስም እንጂ የወገን ስም አይደለም። መሣሪያው ጥቂት በነበረበት ዘመን ነፍጠኛ መሆን ትልቅ ነገር ነበር። ጄምስ ብሩስ በ1769 ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ የትግሬው ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል በጎንደር የነገሥታት አንጋሽ እስከ መሆን የደረሱት፥ በምጽዋ በኩል የሚመጣውን ጠመንጃ ከሌሎቹ መሳፍንት ይልቅ በብዛት ስለ ያዙ ጭምር ነው። ከ1875 እና ከ1876 የጕንደትና የጕራዕ ጦርነቶችም ዐፄ ዮሐንስ ከግብፅ ሠራዊት የማረኩት መሣሪያ የነፍጠኛውን ቍጥር አበዛው።

ቃሉ አዲስ ትርጓሜ ያገኘው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ የሸዋ ሠራዊት ወደ ደቡብ፥ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ዘመተ፤ አርሲ በ1886፥ ሐረር በ1887፥ ወላይታ በ1894፥ ካፋ በ1897 ተያዙ። ለዚያ ሁሉ ወታደር በገንዘብ ደመወዝ ለመክፈል የመንግሥቱ ግምጃ ቤት አይበቃም ነበር። ስለዚህ ወታደሩ በያዘው አገር ላይ ሰፈረ፤ እንደ ማዕርጉም የተወሰነ ቍጥር ያላቸው ገባሮች ተመሩለት። ገባሩ እህልና ማር ይገብርለታል፥ እርሻውን ያርስለታል፥ ቤቱን ይሠራለታል፥ እንጨቱን ይሸከምለታል። ወታደሩ የሚኖረው በኰረብታ ላይ በተሠራው ከተማ ነበር፤ «ከተማ» የሚለውም ቃል ያን ጊዜ የጦር ሰፈር ማለት ነበረ። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ነፍጠኛ ማለት ጠመንጃ የያዘ ሰው መሆኑ ቀርቶ ገባር ያለው ሰው ማለት ሆነ። ጠመንጃው ቢሰበርም ቢሸጥም ስሙ አይለቅቀውም፤ ጠመንጃ ተኵሶ የማያውቀው ልጁም ያንኑ ስም ይወርስ ነበር።

የመሣሪያ ስም ከመሬት ጋር ሲጣበቅ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። «ጋሻ» በእጅ የሚያዘው መከላከያ ሲሆን፥ 40 ሄክታር ያህል የሚሆን የመሬት መለኪያም ነበር። ጋሻ መሬቱን ለካ፤ ነፍጥ የመሬቱን ሰው ጠራ።

ይህ ነፍጠኛ ማን ነበር የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። ዛሬ ቃሉን የሚሰማ ሰው የአንድ ሕዝብ ሌላ ስም አድርጎ ሊያስበው ይችላል። የዘመኑ ሁኔታ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ዘመቻውን ከመሩት መካከል ኦሮሞው ራስ ጎበና ዳጬ ነበሩ፤ ወደ ቦረና የዘመቱትና በኋላ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር የሆኑት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም ከሸዋ አማራ ወገን አልነበሩም። ስለ ጌዴኦ አገር በ1988 መጽሐፍ ያወጣው ቻርልስ ማክሌላን እንዳሳየው በደቡብ የሰፈሩት ወታደሮች ከልዩ ልዩ ወገን የተውጣጡ ነበሩ፤ የሸዋ ኦሮሞዎችም በመካከላቸው ብዙዎች ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ በሰሜን ከሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ ገበሬ የሚበዛው ነፍጠኛም ባለ ገባርም አልነበረም፤ እርሱ ራሱ ለጌታው ግብር ይከፍል ነበር።

ይህን መናገር ግን ሌላውን እውነት መሸፈኛ ሊሆን አይገባም። ገባሩ የነፍጠኛውን ትውልድ ቈጥሮ አልለየውም። በቋንቋው አማርኛን፥ በሃይማኖቱ ክርስትናን፥ በትከሻው ጠመንጃን የያዘውን ሁሉ በአንድ ስም ጠራው፤ ከኦሮሞ የተወለደውም ወታደር በዚያ ሰፈር ሲኖር በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ነፍጠኛው ነፍጥን የሚያውቀው በሰደፉ በኩል ነው፤ ገባሩ የሚያውቀው በአፈሙዙ በኩል ነው። አንዱ መሣሪያ ከሁለቱ ጫፎች ሲታይ ሁለት መሣሪያ እንደሚመስል፥ ቃሉም እንዲሁ ሁለት ቃል ሆነ። የአንዱን ጫፍ ትዝታ ብቻ ይዞ የተጻፈ ታሪክ ጐዶሎ ነው።

ሥርዐቱ በጣልያን ወረራ ዘመን (1936–1941) ተናጋ፤ ከነጻነት በኋላ በ1942 እና በ1944 የወጡት የመሬት ግብር ዐዋጆች የገባርን የጕልበት ግዴታ በሕግ አስቀሩ። የመሬቱ ጥያቄ ግን አልተፈታም፤ በ1965 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ፤ በመጋቢት 1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ ባለ መሬትነትና ጭሰኝነት በአንድነት ተሻሩ። ከዚያ ቀን በኋላ ነፍጠኛ የሚባለው ኑሮ በሕግም በተግባርም የለም። ቃሉ ግን አልሞተም። የሚያመለክተው ሰው ከጠፋ በኋላ ነጻ ሆኖ ቀረ፤ ከ1991 በኋላ በነበረው የፖለቲካ ክርክርም ገባርም ነፍጥም ባልነበራቸው ሰዎች ላይ የሚነገር የወገን ስም ሆነ። የተነገረበት ሰው ቤቱን ለቆ የተሰደደበት፥ ሕይወቱንም ያጣበት ጊዜ ስላለ ነገሩ የመዝገበ ቃላት ጕዳይ ብቻ አይደለም።

፮. ጨዋና ነፍጠኛ

የቃሉ ዕጣ የግድ እንደዚህ መሆን ነበረበት ወይ ለሚል ጠያቂ፥ በአማርኛ ውስጥ መልስ የሚሰጥ ሌላ ቃል አለ። ከነፍጠኛ አራት መቶ ዓመት አስቀድሞ በተለይም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ነገሥታቱ «ፄዋ» የሚባሉ የጦር ጓዶችን በየጠረፉና በየተያዘው አገር ያሰፍሩ ነበር። በግዕዝ ፄዋ ምርኮ ማለት ነው፤ ቃሉም በአማርኛ «ጨዋ» ሆነ። እነዚህም ወታደሮች በሰፈሩበት አገር ላይ ይኖሩ ነበር፤ ሕዝቡም ይቀልባቸው ነበር። ሥራቸው ከነፍጠኛው ሥራ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ዛሬ ግን «የጨዋ ልጅ» መባል ምስጋና ነው፤ ጨዋ ማለት ሥርዐት ያለው፥ ሰው የሚያከብር፥ አንደበቱ የተገራ ማለት ነው። በቤተ ክህነት ሰዎች ዘንድ ደግሞ የክህነት ትምህርት የሌለውን ምእመን ጨዋ ይሉታል። ከምርኮ የተነሣው ቃል በወታደርነት አልፎ መልካም ጠባይ ሆነ፤ ከዘይት የተነሣው ቃል በወታደርነት አልፎ ስድብ ሆነ። ሁለቱም አንድ ዐይነት ሥራ የሠሩ ሰዎች ስሞች ናቸው።

ልዩነቱን ያመጣው ዘመን ነው። ጨዋው ከሰፈረበት ሕዝብ ጋር በረጅም ዘመን ውስጥ ተጋብቶና ተዋልዶ አንድ ሆነ፤ ስለ ፄዋ ሥርዐት የሚያለቅስ ገባር ዛሬ የለም። ነፍጠኛው ግን ከሰፈረበት ቀን አንሥቶ ሥርዐቱ እስከ ፈረሰበት ቀን ድረስ ያለው ጊዜ መቶ ዓመት እንኳ አይሞላም። ገባሩን ያዩ፥ የገባሩንም ቃል ከአፉ የሰሙ ሰዎች ልጆች በሕይወት አሉ። ቃሉ የሚያቃጥለው ቍስሉ ገና ትኵስ ስለሆነ ነው።

የታሪክ ተማሪ ቃልን ከሰው አፍ ሊያስቀር አይችልም፤ ያም ሥራው አይደለም። ሥራው ቃሉ በተጻፈበት ዓመት ምን ማለት እንደ ነበረ መናገር ነው። በአልመቅሪዚ ዐረብኛ ነፍጥ የሚወረወር እሳት ሊሆን ይችላል፤ በ16ኛው ምዕት ዓመት ዜና መዋዕል ጠመንጃ ነው፤ በ1890ዎቹ ነፍጠኛ ከማንኛውም ወገን የተመለመለ ባለ ገባር ወታደር ነው፤ ከ1975 በኋላ ግን በአካል የሌለ ሰው ስም ነው። ይህን ሳይለይ የሚጽፍ ሰው ለአልጡንቡጋ ያልያዘውን ጠመንጃ ያስይዘዋል፤ ዛሬ ለተወለደውም ሕፃን ያልነበረውን ገባር ይሰጠዋል።